እናቴ የወረቀቱን ድምፅ ስትጠብቅ

የመጽሐፉን ስም አልነግራችሁም። ከነገርኳችሁ ገዝታችሁ ታነባላችሁ፤ ካነበባችሁ ደግሞ «ይሄ ምኑ ያስለቅሳል?» ብላችሁ ትታዘቡኛላችሁ። ደህና ልቦለድ ነው። የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ አባት ይሞታል፣ ልጆች ይጣላሉ፣ ከቤት ሸሽታ የኖረች አንዲት ሴት ልጅ ተመልሳ መጥታ የሸሸችው ከራሷ መሆኑን ትደርስበታለች። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሞልቷል። እኔን ያገኘኝ ግን ይሄኛው ነው፤ ያውም በሦስት ቀን ውስጥ፣ አዳማ፣ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ሳቂታ ነኝ፤ ደንበኞች ስሜን ስለማያውቁ «ያቺ ተጫዋቿ የለችም?» ብለው ነው የሚጠይቁት። ተጫዋቿ ግን አንድ ውሸት ይዛ ነበር የምትኖረው። አራት ዓመት የሞላው ውሸት። አሁኑኑ ልንገራችሁና ልገላገል።

ታናሽ ወንድሜ ናሆም አርሲ ነገሌ ውስጥ ለአንድ እህል ነጋዴ ይሠራ ነበር። አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። በሃያ ሦስት ዓመቱ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሞተ። ጎረቤቶቹ ሐኪም ዘንድ ሲያደርሱት መሽቶ፣ ጊዜውም አልፎ ነበር። «ጠዋት መጥቶ ቢሆን ኖሮ» ተባለ። ያን ቀን ሙሉ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነበር።

ብቻውን ሆኖ ምን ሲያደርግ እንደዋለ የማውቀው እኔ ነኝ። ሂሳብ ያለቀበት ሰው በነጻ የሚልከውን መልእክት ታውቁታላችሁ፤ «እባክዎ መልሰው ይደውሉልኝ» የሚለውን። ናሆም ሂሳብ ኖረውም አልኖረውም እሱን ነበር የሚልከው። «ደመወዝተኛዋ አንቺ ነሽ» ይለኛል። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ላከልኝ። አንደኛው ሲመጣ ፋርማሲው በሰው ተጨናንቆ ነበር። ሁለተኛው ሲመጣ ምሳ እየበላሁ ነበር፤ «ይሄ ቋጣሪ!» ብዬ ለሥራ ባልደረባዬ አሳየኋት፣ አብረን ሳቅን። ሦስተኛው ሲመጣ ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። አመሻሽ ላይ ስደውልለት ያነሳው ሌላ ሰው ነው።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን እናቴ ጓዳ አስገብታኝ በሩን ዘጋች። «ሊዲያ፣ ያን ቀን ደውሎልሽ ነበር?» አለችኝ።

«አልደወለም።»

«መልእክትም? ምንም?»

«ምንም።»

«ማንም አላናገረውም ማለት ነው?»

«አይመስለኝም» አልኳት። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲዘጋ አየሁ። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው፣ ሽንኩርት እየላጠች ወይ ልብስ እያጠፈች፣ ድንገት ቀና ብላ ያንኑ ጥያቄ ትጠይቀኛለች። እኔም ያንኑ መልስ እሰጣለሁ። ውሸት ሲደጋገም ይለመዳል የሚል ሰው ዋሽቶ አያውቅም።

የእኛ ቤት ልቅሶም ልቅሶ አልነበረም። ጴንጤዎች ነን፤ ወንድሜን በመዝሙር ነው የቀበርነው። «ጌታ ጋ ነው፣ አይለቀስም» ተባልን። እናቴ በነጭ ሻርፕ ቀጥ ብላ ቆማ ዘመረች። የእናቴ እህት አክስቴ ጫልቱ ብቻ፣ ከወለንጪቲ ስትመጣ ከበሩ ጀምራ «ኢልማ ኮ! ልጄ! ናሆሜ!» እያለች ደረቷን እየመታች ገባች። እናቴ ክንዷን ያዘችና በጆሮዋ «ጫልቱ፣ ዝም በይ፤ ተስፋ የሌለን ታስመስይናለሽ» አለቻት። አክስቴ ዝም አለች። እንዲያ ዝም ያለ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። በሳምንቱ የናሆም አልጋ ከቤት ወጣ፤ ስሙም ከአልጋው ጋር አብሮ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ያቺን አሮጌ ባለቁልፍ ስልኳን አልቀይርም አለች። ዘመናዊ ገዛሁላት፤ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠችው። አሮጌውን በመሐረብ ጠቅልላ ትራሷ ሥር ታስቀምጠዋለች። የማስታወቂያ መልእክት ሲገባባት ወዲያው ታጠፋለች። የእርጅና ግትርነት ነው ብዬ እስቅባት ነበር።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ ቀናት ልምጣ። እናቴ የዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን ተደረገች። የተሠራው ዓይኗ ተሸፈነ፤ ሌላው ተራውን የሚጠብቅ ስለሆነ ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። እንዳታሺው፣ እንዳታጎነብሺ፣ ተቀመጪ ተባለች። እናቴን ተቀመጪ ማለት ባጃጅን መንገድ አክብር እንደማለት ነው። ፈቃድ ወሰድኩና ልጠብቃት መጣሁ።

በመጀመሪያው ቀን ከመጽሐፍ ቅዱስ አነበብኩላት፤ አንቀላፋች። እኔም ባልደረባዬ «አንብቢውና አልቅሺ» ብላ ያዋሰችኝን ልቦለድ አወጣሁ። ግቢያችን ውስጥ ባለችው የኒም ዛፍ ሥር ጥላ አለ፤ ነፋሱ እንደ አዳማ ነፋስ አቧራውን ይዞ ይዞራል። እያነበብኩ ሳላስበው ከት ብዬ ሳቅኩ።

«ምን ያስቅሻል?» አለች እናቴ። ለካ አልተኛችም።

«ልቦለድ ነው፣ እማ።»

«የሥጋ መጽሐፍ!» አለችና ፊቷን አዞረች። ትንሽ ቆይታ፣ «ቢሆንስ፣ ምኑ አሳቀሽ?»

«ከቀብር በማግሥቱ ቤት ሊካፈል ሜትር ይዞ የመጣ አጎት አለ። እንግዳው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እያለቀሰ፣ እሱ 'ይቅርታ፣ አንዴ እግርዎን' እያለ ወለሉን ይለካል።»

እናቴ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «እንዲህ ያለ አናውቅም? አናውቅም ወይ?» አለች። «እስቲ የሱን ብቻ አንብቢልኝ።»

የሱን ብቻ አነበብኩ። «ከፊቱስ ምን ሆኖ ነው?» አለች። ከመጀመሪያው ጀመርን። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ነበርን።

እንዲህ ያለ አድማጭ ኖሮኝ አያውቅም። ትርሲት የምትባለውን ዋናዋን ገጸ ባሕርይ እንደ ጎረቤት ልጅ ያዘቻት። «ለምን አትበላም ይቺ ልጅ?» ትላለች። አጎቱ ብቅ ባለ ቁጥር «መጣ ደግሞ ባለ ሜትሩ!» ትላለች። የትርሲት እናት ልጇን ስትሰድብ፣ «ተዪ እንጂ፣ ኋላ ይቆጭሻል» ብላ በረንዳው ላይ ብቻዋን ተቆጣች። በሁለተኛው ቀን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ተፈራ ሊጸልዩላት መጡና «እህት አስቴር፣ የጸሎት ርዕስ አለሽ?» ሲሏት፣ «አንዲት ትርሲት የምትባል ልጅ አለች፤ አባቷ ሞቶባት ልቧ ደንድኗል፤ እሷን ያስቡልኝ» አለቻቸው። ጋሽ ተፈራ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ ትርሲት ከልባቸው ጸለዩ። እኔ ሳቄን ለመቆጣጠር ምላሴን ነከስኩ። ከናሆም ሞት በኋላ እዚያ ቤት ውስጥ ከልቤ የሳቅሁት በእነዚያ ቀናት ነው።

በዚያው ቀን እናቴ ቀትር ላይ ስታሸልብ አላስችል ብሎኝ ወደ ፊት አነበብኩ። ምነው ባላነበብኩ።

አባትየው ከመሞቱ በፊት ለትርሲት ደብዳቤ ልኮላት ነበር። ተቀይማው ስለነበር ሳትከፍተው መሳቢያ ውስጥ ጣለችው። የከፈተችው ከቀብሩ በኋላ ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ነበረበት፤ «ነይ።» እናቷ «አባትሽ ጠርቶሽ ነበር?» ስትላት፣ «አልጠራኝም» ብላ ዋሽታለች። ቀጣዩ ምዕራፍ ላይ ትርሲት ደብዳቤውን ይዛ እናቷ ፊት ትቆማለች።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ሰው የማያውቀውን የኔን ነገር ያ የማላውቀው ደራሲ ከየት አገኘው? ግቢው ውስጥ የሆነ ሰው ቆሞ የሚያየኝ መሰለኝ፤ ዞር ብዬ አየሁ፤ የኒሟ ቅጠል ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ከሰዓት በኋላ ጉሮሮዬን አመመኝ አልኩ። እናቴ ሎሚና ማር ጠጪ አለችኝ። ጠጣሁ። «አሁንስ?» አለች። «አሁንም» አልኩ። «ነገ እንግዲህ» አለች፤ ቅር ብሏታል። እኔ ደግሞ ሳልተኛ መላ ስፈልግ አደርኩ።

በሦስተኛው ቀን መላው ተገኝቶ ነበር። ፈርተሽ የምትዘይጂው መላ መቼም ብልህ ይመስልሻል። እናቴ አታይም፤ ስለዚህ ያንን ክፍል ዘልዬ ከራሴ ፈጥሬ አነብላታለሁ። መጽሐፉን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ።

«ትርሲት ደብዳቤው በደረሳት ቀን ከፈተችው» አልኩ። «'ነይ' ይላል። ያን ዕለት ሻንጣ እንኳ ሳትይዝ አውቶቡስ ተሳፈረች። መንገዱ ረጅም ነበር። ደረሰች። አባቷ አልጋው ላይ ነበር፤ ዓይኑን ገልጦ 'መጣሽ?' አላት። 'መጣሁ' አለችው። እጁን ያዘችው። እጁ ሞቃት ነበር...»

ስናገር ስናገር ነገሩ ጣመኝ። የማነበው መጽሐፍ ውስጥ ሳይሆን አርሲ ነገሌ፣ አይቼው በማላውቀው አንድ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። እጁ እጄ ውስጥ ነበር። ምን ያህል እንደተናገርኩ አላውቅም።

«ሊዲያ» አለች እናቴ።

«አቤት።»

«ወረቀት አልገለጥሽም።»

«ገልጫለሁ፣ እማ።»

«አልገለጥሽም። የተሸፈነው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ አልተሸፈነም። ሦስት ቀን ሙሉ ጣትሽን ስትልሺ፣ ወረቀቱ ሽው ሲል ስሰማ ቆይቻለሁ። አሁን ልጅቷ ደብዳቤ ከፍታ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ አገር አቋርጣ አባቷ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብላለች፤ አንቺ አንድ ገጽ አላለፍሽም። ደግሞስ አባትየው በመጀመሪያው ምዕራፍ አልተቀበረም እንዴ? ባለ ሜትሩ ምን ሊለካ መጣ ታዲያ?»

ውጭ መንገዱ ላይ ባጃጅ ሲያልፍ ሰማሁ።

«ያለውን አንብቢ» አለች።

«እማ፣ ይለፈን።»

«አንብቢ አልኩሽ።»

አነበብኩ። ቀስ ብዬ፣ አንድ ቃል ሳልዘል። ደብዳቤው፣ መሳቢያው፣ ቀብሩ። እናቲቱ «ጠርቶሽ ነበር?» ያለችበት ጋ ስደርስ ማንበቡን አቆምኩ። እናቴ አልገፋፋችኝም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ትጠብቃለች፤ የተሸፈነው ዓይኗ ወደ እኔ ዞሯል።

«እማ» አልኩ፤ «ናሆም መልእክት ልኮልኝ ነበር። ያን ቀን። ደውዪልኝ የሚለውን። እንደ ልማዱ ነው ብዬ ተውኩት። ሳቅኩበት። ዋሽቼሻለሁ።»

ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትረግመኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ስንት ጊዜ?» ነው ያለችኝ።

«ሦስት ጊዜ።»

«በስንት ሰዓት?»

«ስድስት ከአሥር። ሰባት ሰዓት። ሰባት ከአርባ።» ሰዓቶቹን እንደ ስሜ ነው የማውቃቸው።

«ሰባት ከአርባ» አለች ለራሷ። ከዚያ፣ «ትራሴ ሥር ያለውን ስልክ አምጪው።»

ለጋሽ ተፈራ ደውላ በሽማግሌ ልታስገስጸኝ መሰለኝ። ከመሐረቡ ፈትቼ ሰጠኋት፤ መልሳ ወደ እኔ ገፋችው።

«መልእክት ያለበት ግቢ። ያለው አንድ ነው። አንብቢልኝ።»

ገባሁ። አንድ ብቻ ነው ያለው። የናሆም ቁጥር ነው። «እባክዎ መልሰው ይደውሉልኝ።» ሰዓቱ ስምንት ከሃያ ይላል።

«ጾም ጸሎት ላይ ነበርኩ» አለች እናቴ። «ቦርሳዬ ውስጥ ነዘረ። አውጥቼ አየሁት። ከአሜን በኋላ እደውላለሁ አልኩ። ለእናንተ ነበር የምጸልየው፤ ስማችሁን እየጠራሁ። ጸሎቱ ረዘመ። ከዚያ ሰው ሰላም አልኩ፤ ከዚያ ገበያ ገባሁ። ረሳሁት፣ ሊዲያ። ልጄን ረሳሁት።»

«እማ...»

«አንቺን ስጠይቅሽ የኖርኩት፣ እኔ ባልደውልለት እህቱ አናግራው ይሆናል ብዬ ነው። አንድ ሰው 'አቤት' ብሎት ይሆናል ብዬ። 'ምንም አልላከም' ባልሽኝ ቁጥር፣ እኔን ብቻ ጠርቶ እኔው ብቻ ዝም እንዳልኩት ሆኖ ነው የሚሰማኝ።»

እኔ ራሴን ለማዳን በተናገርኳት ቃል እናቴን አራት ዓመት ሙሉ ብቻዋን ጥፋተኛ አድርጌያት ኖሬያለሁ። እግሯ ሥር ወደቅሁ። እሷም ያኔ አለቀሰች። እንባ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አራት ዓመት ታፍኖ የኖረ ልቅሶ ነው፤ «ናሆሜ! ናሆሜ! የኔ ጠሪ!» እያለች ጮኸች። ዓይንሽን እንዳታሺ ተብላለች፣ እንዳታጎነብሺ ተብላለች፤ ስለ ልቅሶ ግን ማንም ያላት ነገር አልነበረም።

ጋሽ ተፈራ እንደ ልማዳቸው በዚያው ሰዓት ደረሱ። ከበሩ ሮጠው ገቡና «እህት አስቴር! ተጽናኚ፣ ተጽናኚ፤ እሱ እኮ ጌታ ጋ ነው» አሏት።

«ጌታ ጋ መሆኑን አውቃለሁ፣ ጋሽ ተፈራ» አለች እናቴ። «እኔ ጋ ግን የለም። ዛሬ ይተዉኝና ላልቅስ።»

ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና እሳቸውም አለቀሱ። የሚሉት ነገር ያጡ ሽማግሌ ሲያለቅሱ ማየት ያስፈራል፤ ያጽናናልም።

እናቴ ትንሽ ፋታ ስታገኝ፣ «ወለንጪቲ ደውዪ» አለችኝ። «እህቴን ጥሪያት። ያኔ ዝም አሰኝቻታለሁ። ትምጣና ታልቅስልኝ።»

አክስቴ ጫልቱ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ደረሰች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ነበር የመጣችው። ለምን እንደተጠራች በስልክ አልነገርኳትም ነበር፤ በሩ ላይ ቆማ የእናቴን ፊት አየችና ገባት። «ኢልማ ኮ!» አለች፤ ከአራት ዓመት በፊት ካቆመችበት ቃል ቀጠለች። በዚህ ጊዜ ማንም ክንዷን አልያዘም።

ይኸውላችሁ። አንባቢዎቼ፣ «ከዚያ በኋላ ቀለለን» እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልቀለለንም፤ እንዲያውም ለእኔ ከበደኝ። ድሮ ያልመለሰለት አንድ ሰው ነበር፤ አሁን ሁለት ሆንን። አንድ ሰው ከቀትር ጀምሮ የሚወዱትን ሁለት ሴቶች በየተራ ጠራ፤ አንዷ እየሳቀች፣ አንዷ ስለሱ እየጸለየች ዝም አሉት። ምን ሊለን እንደነበር እስከዛሬ አናውቅም። «አመመኝ» ሊል ይሆናል፤ «እንዴት ዋላችሁ» ብቻ ሊልም ይችላል። አንዳንድ ቀን ሰባት ከአርባ ሲሆን ከፋርማሲው ወጥቼ ደረጃው ላይ እቆማለሁ። ስልኬ የሚነዝር ይመስለኛል። አይነዝርም። በፊቱ ደፍቼው ግን አላውቅም።

የተለወጠው ሌላ ነው። ስሙ ወደ ቤታችን ተመልሷል። እናቴ ሁለተኛው ዓይኗም ተሠርቶ ካገገመች በኋላ ሦስታችን፣ እሷ፣ አክስቴና እኔ፣ አርሲ ነገሌ ሄደን የተከራያትን ክፍል ከውጭ አየናት። አረንጓዴ በር አላት። ሌላ ሰው ይኖርባታል፤ ደጇ ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቶ ነበር። እናቴ በሩን ነካችውና ተመለስን። እናንተም የሚጠራችሁ ሰው ካለ፣ ቋጣሪም ቢሆን፣ መልሱለት። ምክር መስጠት አይሆንልኝም፤ ይሄን አንድ ብቻ ስሙኝ።

መጽሐፉን እናቴ በአዲሱ መነጽሯ ከዳር እስከ ዳር ራሷ አነበበችው። «ደህና ሆናለች ልጅቷ» አለችኝ ስትጨርስ። አሁን ከእኔ ይልቅ እሷ ናት ልቦለድ የምታሳድደው፤ ጋሽ ተፈራም አንድ ሁለት ተውሰዋታል።

አንዳንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን፣ መነጽሯን ታወልቅና ዓይኗን ትጨፍናለች።

«ያንቺኛውን ንገሪኝ» ትለኛለች። «ወረቀት ያልተገለጠበትን።»

መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቀን፣ «ትርሲት ደብዳቤው በደረሳት ቀን...» ብዬ ጀመርኩ። እጄን ያዘችኝ።

«ደብዳቤውን ተዪው» አለች። «ስልክ አድርጊው።»

እንደገና ጀመርኩ። «ስልኩ ነዘረ» አልኳት። «ልጅቷ ምሳዋን እየበላች ነበር። ማንኪያዋን አስቀመጠችና ወዲያው መልሳ ደወለች።»

«አነሳ?» አለችኝ እናቴ።

«በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ» አልኳት።